ሦስት እጥፍ ምርታማ፦ የኤርላንግ ቋንቋ በኤሪክሰን ውስጥ ያለፈበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ብዙ ተጠቃሚ የሌለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚደግፍ ባለሙያ ለአለቆቹ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ክርክር ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ያው ሥራ በዚህ ቋንቋ ባነሰ ኮድ፣ ባጠረ ጊዜና በጥቂት ሰው ይጠናቀቃል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜም ውሳኔ አያስለውጥም። ለምን እንደማያስለውጥ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው፣ በስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ በኤሪክሰን ውስጥ የተወለደው የኤርላንግ ቋንቋ ታሪክ ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። የቋንቋው ደጋፊዎች ችሎታ ነበራቸው፤ ማስረጃ ነበራቸው፤ ገበያ ላይ የዋለ ምርትም ነበራቸው፤ ይህ ሁሉ እያለ ቋንቋው በገዛ ቤቱ ታገደ። በዚህ ጽሑፍ የግለሰቦች ስም አልተጠቀሰም፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ኤሪክሰን ኤኤክስኢ የተባለውን የስልክ ማዞሪያ (ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኝ መሣሪያ) ይሠራ የነበረው ፕሌክስ በተባለ የራሱ ቋንቋ ነበር። ፕሌክስ ለማዞሪያ ሥራ ብቻ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ የቴሌኮም አገልግሎት የሚጠይቃቸውን ከባድ ግዴታዎች ይወጣ ነበር፤ ሆኖም ኮዱን መጻፍና ማሻሻል አድካሚ ነበር። የኩባንያው የኮምፒውተር ሳይንስ ላቦራቶሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ የያዘው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ የቴሌኮም ሶፍትዌር በተሻለ መንገድ እንዴት ሊጻፍ ይችላል? የላቦራቶሪው ባለሙያዎች አዲስ ቋንቋ ለመፍጠር አልቸኮሉም። አንዲት ትንሽ የስልክ ማዞሪያ ይዘው የማዞሪያዋን ፕሮግራም በተለያዩ ነባር ቋንቋዎች እየጻፉ አወዳደሩ። አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ እንደማይበቁ ካዩ በኋላ ከ1986 ጀምሮ ፕሮሎግ በተባለ ነባር ቋንቋ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን ሙከራ ጀመሩ፤ ከዚያ ሙከራ ኤርላንግ ወጣ።

ቋንቋው ምን እንደሚለየው ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኋላ የተነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በኤርላንግ ለተጻፈ ማዞሪያ እያንዳንዱ የስልክ ጥሪ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰስ (ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሄድ የፕሮግራም ሥራ) ነው። ፕሮሰሶቹ ማኅደረ ትውስታ አይጋሩም፤ የሚነጋገሩት መልእክት በመላላክ ብቻ ነው። በአንዱ ጥሪ ላይ ስሕተት ቢፈጠር የሚሞተው የዚያ ጥሪ ፕሮሰስ ነው፤ የሚከታተለው ሌላ ፕሮሰስ መሞቱን ያውቃል፤ እንደ አስፈላጊነቱም በምትኩ አዲስ ያስነሣል፤ በዚህ መካከል የሌሎቹ ደዋዮች ንግግር አይቋረጥም። ማዞሪያው እየሠራ ሳለም የፕሮግራሙን አንድ ክፍል አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል። ይህን በሌላ ቋንቋ ማሳካት የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን ፕሮግራመሩ ብዙውን በእጁ መገንባት ይኖርበታል። የኤርላንግ ምርታማነት ዋና ምንጭ የአጻጻፉ አጭርነት አይደለም፤ ይህ ሸክም ከፕሮግራመሩ ትከሻ ወደ ቋንቋው መዛወሩ ነው።

ችግሩ፦ የሚታመን ቁጥር መፈለግ

በ1980ዎቹ መጨረሻ የላቦራቶሪው ቡድን ከሌላ የኤሪክሰን ክፍል ከመጡ የማዞሪያ ባለሙያዎች ጋር የሙከራ ሥርዓት ሠራ። እነዚህ ባለሙያዎች የቋንቋው የመጀመሪያ እውነተኛ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ቋንቋውም በእነርሱ ጥያቄ እየተስተካከለ ሄደ። ለሙከራው በኤርላንግ የተጻፉት አገልግሎቶች የፈጁት ጉልበት፣ ያው ሥራ በፕሌክስ ሊፈጅ ከሚችለው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በአንዳንዶቹ ላይ እጅግ ሰፊ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የምርታማነት ማስረጃ በድርጅት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ያሳያል። ቁጥሩን የሰሙት ሰዎች አላመኑም። ለአለማመናቸውም ምክንያት አላጡም፤ ያው ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ይቀላልና ልዩነቱ ከቋንቋው የመጣ አይደለም አሉ። ቡድኑ በመጨረሻ በሁሉም ፊት ይዞት የሚቆመውን ቁጥር መረጠ፦ ሦስት እጥፍ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ከዓመታት በኋላ በጻፈው የቋንቋው ታሪክ እንደተገለጸው፣ ሦስት የተመረጠው ትኩረት ለመሳብ በቂ ከፍታ፣ ለመታመን ደግሞ በቂ ዝቅታ ስላለው ነበር። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ከተረሳ በኋላም ቁጥሩ ራሱ ሲነገር ቆየ።

በዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ቡድኑ ቁጥሩን ዝቅ ማድረጉ ከትሕትና የመጣ ነው፤ ይሁን እንጂ ሦስት እጥፍ የሚለው ንግግር ከመለኪያው ተነጥሎ ሲጓዝ ማንም ሊመረምረው የማይችል አባባል ሆነ። ተጠራጣሪው ሰው የሚጠይቀው የቁጥሩን ትልቅነት አይደለም። ማን ለካው፣ በምን ሥራ ላይ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ የሚለውን ነው፤ ለዚህ መልስ የሌለው ቁጥር ትንሽም ቢሆን አያሳምንም።

ሌላም መዘዝ ነበር። የመጀመሪያው ኤርላንግ በፕሮሎግ ላይ የሚሠራ በመሆኑ ለምርት የማይበቃ ቀርፋፋ ነበር። ቡድኑ ይህን አልካደም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለቋንቋው ልዩ ቨርቹዋል ማሽን (በቋንቋው የተጻፈውን ፕሮግራም የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ገንብቶ ፍጥነቱን በብዙ እጥፍ አሳደገው። ሆኖም «ኤርላንግ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ስም ቀርፋፋነቱ ከተወገደ በኋላም አልለቀቀውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቡድኑ ቋንቋውን ለማስተዋወቅ ያደረገው ጥረት ብዙ መልክ ነበረው። በ1993 የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። ሥልጠናና ምክር የሚሰጥ እህት ኩባንያ ተቋቋመ። ከኤሪክሰን ውጭ ላሉ ድርጅቶችም ቋንቋው በፈቃድ ቀረበ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ያለው የተቀረጸው አጭር የማስተዋወቂያ ፊልም ነው። በፊልሙ ባለሙያዎቹ በቢሯቸው ተቀምጠው እርስ በርስ ስልክ ይደዋወላሉ፤ ከጥሪ አገልግሎቶቹ በአንዱ ላይ ስሕተት ይታያል፤ አንደኛው ስሕተቱን ፈልጎ ኮዱን ያስተካክላል፤ አዲሱ ኮድ በሚሠራው ማዞሪያ ላይ ይጫናል፤ ተጀምሮ የነበረው የሌሎቹ ንግግር ግን አይቋረጥም። በዚህ ውስጥ ስለ ምርታማነት የሚናገር ቁጥር አያስፈልግም። ማዞሪያ ሲቆም ምን ያህል ኪሳራና ወቀሳ እንደሚመጣ የሚያውቅ ኃላፊ ያየውን በራሱ ሒሳብ ይተረጉመዋል። እንዲህ ያለ ማሳያ የሚሠራው ግን ተመልካቹ ችግሩን ቀድሞ በሥራው የቀመሰ ከሆነ ነው፤ ማዞሪያ ጠግኖ ለማያውቅ ሰው የስልክ ንግግር አለመቋረጡ ምንም አይነግረውም።

ይህ ሁሉ ጥረት ቋንቋውን ወደ ጥቂት ምርቶች አስገባው እንጂ ወደ ኩባንያው ዋና ሥራ አላስገባውም። በሩ የተከፈተው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኤሪክሰን ለዓመታት ያፈሰሰበትና ኤኤክስኢን ይተካል ተብሎ የታሰበው ኤኤክስኢ ኤን የተባለው ግዙፍ ፕሮጀክት በታኅሣሥ 1995 ተሰረዘ። ኩባንያው ለመረጃና ለድምፅ ማስተላለፊያ የሚሆን አዲስ ማዞሪያ በአስቸኳይ ያስፈልገው ስለነበር ኤኤክስዲ 301 የተባለው ምርት በኤርላንግ እንዲጻፍ ተወሰነ። ቋንቋው በዚያ ሰዓት ዝግጁ ነበር፤ የሠለጠኑ ሰዎች፣ የተፈተነ ቨርቹዋል ማሽንና መማሪያ ነበሩት። ከዚያም በቀጣዩ ዓመት ለቋንቋውና ለላይብረሪዎቹ (ተዘጋጅተው ለሚቀርቡ የኮድ ክፍሎች) ድጋፍ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ክፍል ተደራጀ፤ ኦቲፒ በሚል ስም ዛሬም ድረስ ከኤርላንግ ጋር የሚቀርበው የላይብረሪዎች ስብስብ ከዚያ የመጣ ነው። ማዞሪያው በ1998 ለገበያ ይፋ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን መስመር በላይ የኤርላንግ ኮድ ይዞ ነበር። መሣሪያውን በቀጥታ የሚቆጣጠሩት ክፍሎች ሲ በተባለው ቋንቋ ተጽፈዋል፤ ቡድኑ ኤርላንግ ሁሉን እንዲሠራ አላስገደደም።

እገዳው

በዚያው በ1998 የሞባይል ስልክ መሣሪያዎችን የሚሠራው የኩባንያው የሬዲዮ ሥርዓቶች ክፍል ኤርላንግን ለአዳዲስ ምርቶች መጠቀምን ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ስለ ፍጥነት ወይም ስለ ጥራት የተነሣ አልነበረም። የቋንቋ ምርጫ ከፕሮሰሰርና ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫ የበለጠ ረጅም ቃል ኪዳን ነው፤ የራስ ቋንቋ ያለው ኩባንያ ቋንቋውንና መሣሪያዎቹን ለዘለቄታው በራሱ ወጪ መንከባከብ አለበት፤ በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ከሚያገኙት እድገትም ተካፋይ አይሆንም የሚል ነበር።

ይህን ምክንያት የቋንቋው ወዳጆች ብዙ ጊዜ እንደ አላዋቂነት ሲያቀርቡት አነባለሁ፤ አልስማማም። የሬዲዮው ክፍል ኃላፊዎች የተጠየቁትን ጥያቄ በትክክል መልሰዋል። ኩባንያው በፕሌክስ ልምድ የራስን ቋንቋ መሸከም ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በዚያ ላይ በ1995 የወጣው የጃቫ ቋንቋ በትልልቅ ኩባንያዎች ድጋፍ እየተስፋፋ ነበር፤ መሣሪያው፣ መጽሐፉና ሠራተኛው ከውጭ የሚገኝ ቋንቋ ማራኪ መሆኑ አያስደንቅም። የደጋፊዎቹ ክርክር ስለ ምርታማነት ሲሆን የውሳኔ ሰጪዎቹ ፍርሃት ስለ ጥገኝነት ነበር። ስለ ፍሬያማነት የሚቀርብ ማስረጃ ምንም ያህል ቢከማች ስለ ጥገኝነት የተነሣን ጥያቄ አይመልስም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል፤ በቋንቋው የተሠራው ምርት በበዛ ቁጥር ጥገኝነቱም ይጨምራልና።

ከእገዳው በኋላ

የቡድኑ ምላሽ ተጨማሪ መለኪያ ማቅረብ አልነበረም። ቋንቋው ከኩባንያው እንዲወጣ ጠየቁ፤ በታኅሣሥ 1998 ኤርላንግ ከነላይብረሪዎቹ በክፍት ምንጭ ፈቃድ (ማንም ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲለውጥና እንዲጠቀም በሚፈቅድ) ለሁሉም ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ የቡድኑ አባላት ከኤሪክሰን ለቀው ብሉቴይል የተባለ ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ። ብሉቴይል ኤርላንግን አልሸጠም። የሸጠው የኢሜይል አገልግሎት እንዳይቋረጥ የሚያደርግና ይህን የመሰለ ምርት ነው፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ለገዢው ጉዳዩ አልነበረም። ኩባንያው በ2000 በ152 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከላቦራቶሪው ሪፖርት ይልቅ ይህ ሽያጭ ስለ ምርታማነት ብዙ ተናገረ።

በኤሪክሰን ውስጥም እገዳው ነባር ምርቶችን አልነካም፤ ኤኤክስዲ 301 በኤርላንግ ቀጠለ። በ2004 ከቋንቋው ፈጣሪዎች አንዱ ወደ ኩባንያው ተመልሶ ተቀጠረ፤ እገዳውም በተግባር ቀረ። በውጭ ደግሞ ክፍት ምንጭ መሆኑ የሚያመጣው ነገር ቀስ ብሎ ታየ። ኢጃበርድ የተባለው የመልእክት ሰርቨርና ራቢትኤምኪው የተባለው የመልእክት አስተላላፊ በኤርላንግ ተጽፈው ቋንቋውን ጨርሶ የማያውቁ ድርጅቶች ሥራ ላይ አዋሏቸው። በ2009 የተመሠረተው ዋትስአፕ ከኢጃበርድ ተነሥቶ ሥርዓቱን በኤርላንግ ገነባ፤ በ2012 መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ላይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ግንኙነት በአንድ ጊዜ መያዙን አስታወቀ። በ2014 ፌስቡክ ለመግዛት 19 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ሲስማማ ወደ 450 ሚሊዮን የሚጠጋ ወርኃዊ ተጠቃሚ ነበረው፤ መሐንዲሶቹ ግን 32 ብቻ ነበሩ።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራው የምርታማነት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ስለነበር አይደለም፤ ኮድ መጻፍ የአንድ ፕሮጀክት ወጪ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ጭምር ነው። ለምሳሌ ከጠቅላላው ወጪ ኮድ መጻፍ አንድ አምስተኛውን ቢይዝና አዲሱ ቋንቋ ይህን ክፍል በሦስት እጥፍ ቢያሳጥረው፣ ከመቶው ሃያ የነበረው ወደ ሰባት ገደማ ይወርዳል፤ ጠቅላላው ወጪ የሚቀንሰው በመቶኛ 13 ያህል ነው። ኃላፊው በዚህ 13 ላይ ሥልጠናን፣ የቅጥርን ችግርና የመሣሪያ እጥረትን ሲደምር ትርፉ በእጁ ላይ ይሟሟል። ስለዚህ ስለ ምርታማነት የሚከራከር ሰው ከኮድ ባሻገር ሄዶ በጥገና፣ በብልሽትና በሰርቨር ወጪ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ማሳየት ይኖርበታል። የኤርላንግ እውነተኛ ብርታትም በዚያ በኩል ነበር።

ሥልጠና በከፊል ሠርቷል። የኤርላንግ የአጻጻፍ ደንብ ትንሽ ስለሆነ ጥሩ ፕሮግራመር በአጭር ጊዜ ይጨብጠዋል፤ የሚከብደው ሥርዓቱን በፕሮሰሶች ከፋፍሎ ማሰብና ውድቀትን አስቀድሞ ማቀድ ነው። ለዚህ መጽሐፍ አይበቃም፤ በሥራ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። በኤሪክሰን ውስጥ ቋንቋው የተስፋፋው የላቦራቶሪው ሰዎች ከምርት ቡድኖች ጋር አብረው በሠሩበት ቦታ መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

የሠራው ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነው። የኤኤክስኢ ኤን መሰረዝን ቡድኑ አላመጣውም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን በእጁ የያዘው ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ ለሌላ ይሆን ነበር። ትልቅ ድርጅት ቋንቋ የሚለውጠው የተሻለ ስለቀረበለት አይደለም፤ የነበረው ሲከዳው ነው። ከሁሉም በላይ የሠራው ባለቤትነትን መልቀቅ ነው። ክፍት ምንጭ መሆኑ በ1998 የቀረበውን ተቃውሞ በሥሩ ነቀለው፤ ቋንቋው ከዚያ ወዲያ የአንድ ኩባንያ ሸክም አልነበረምና። ይህ እርምጃ ከእገዳው በፊት ቢወሰድ ኖሮ እገዳው ራሱ ምክንያት ያጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለሌሎች ቋንቋዎች የሚተላለፈው

ዛሬ ሐስኬልን፣ ክሎጀርን ወይም ኤሊክሲርን የመሰለ ብዙ ተጠቃሚ የሌለው ቋንቋ ለአንድ የንግድ ድርጅት ለማቅረብ የሚዘጋጅ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ለቁጥር ባይሰጠው ይሻለዋል። ልኬት ማቅረብ ካለበት የሚለካውን ሥራ ተጠራጣሪው ራሱ ይምረጥ፤ ሥራውን የድርጅቱ ሠራተኞች ይሥሩት፤ አለካኩም ከቁጥሩ ጋር በጽሑፍ ይቀመጥ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ይቀላል የሚለው ተቃውሞ እንዳይነሣ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልተሠራ አገልግሎት ይመረጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃላፊው ቦታ ነው። የተለመደ ቋንቋ መርጦ ፕሮጀክቱ የከሸፈበት ኃላፊ የሚጠየቀው ስለ ፕሮጀክቱ ነው፤ ያልተለመደ ቋንቋ መርጦ የከሸፈበት ግን ስለ ምርጫው ይጠየቃል። ስለዚህ ሐሳቡን የሚያቀርበው ሰው መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም አብሮ ማቅረብ አለበት፦ ክፍሉ ከሌሎቹ ጋር የሚነጋገረው በምን ፕሮቶኮል (የመልእክት መለዋወጫ ደንብ) ነው፤ ቢያስፈልግ በሌላ ቋንቋ እንደገና ለመጻፍ ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ቢለቁ ማን ይተካቸዋል፤ ከአንድ በላይ ድርጅት ድጋፍ ይሰጣል ወይ? እነዚህን ሳይጠየቅ የመለሰ ሰው በ1998 ለተነሣው ጥያቄ መልስ ይዞ ቀረበ ማለት ነው።

የቦታ ምርጫም ወሳኝ ነው። ኤርላንግ ያሸነፈው የችግሩ ቅርጽ ከቋንቋው ቅርጽ ጋር በገጠመበት ቦታ ነው፦ ብዙ ግንኙነት፣ እያንዳንዱ ትንሽ፣ ሁሉም መቋረጥ የማይገባው። የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ናቸው። ለሒሳብ ሪፖርት ወይም ለምስል ማቀናበሪያ ያው ክርክር ቢቀርብ ባልሠራ ነበር፤ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚያቀርበው ደጋፊም ተአማኒነቱን በራሱ እጅ ይቀንሳል።

ቦታው ትክክል ሆኖም በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ፌስቡክ በ2008 የከፈተው የመልእክት አገልግሎት መልእክቶቹን የሚያደርሰው ክፍል በኤርላንግ የተጻፈ ነበር፤ ሥራውም ለቋንቋው እጅግ የሚስማማ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል በኋላ በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ተጻፈ፤ ሲ ፕላስ ፕላስ በኩባንያው ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውና መሣሪያ የተሟላለት ቋንቋ ነበርና። ያው ኩባንያ ዋትስአፕን ሲገዛ የገዛው ሥርዓት በኤርላንግ የተሠራ ሲሆን በኤርላንግ ቀጠለ፤ እዚያ ኤርላንግ የአንድ ክፍል ቋንቋ ሳይሆን የመላው ቡድን ቋንቋ ነበርና። በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድን ክፍል ባልተለመደ ቋንቋ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ኮዱን ከመጀመሩ በፊት፣ ክፍሉን በሌሊት ሲበላሽ ተነሥተው የሚጠግኑት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም መዝግቦ ቢያቀርብ፣ ስለ መስመር ብዛት ከሚያወራው ንጽጽር ይልቅ ኃላፊው ይህን መዝገብ ደጋግሞ ያነበዋል።